ራስን በሌላው ዐይን ስለ ማየት

ሰው የጎረቤቱን ፊት በየቀኑ ያያል፤ የራሱን ፊት ግን መስተዋት ካላገኘ በቀር እስኪሞት ድረስ ሊያየው አይችልም። ይህ የሥጋ ነገር ነው፤ የጠባይም ነገር ከዚህ አይለይም። ሌላው ሰው ሲቈጣ ቍጣው ወለል ብሎ ይታየናል፤ እኛ ስንቈጣ ግን የሚታየን ያስቈጣን ነገር ብቻ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ተብሎ የተተረተውም ስለዚሁ ነው። ከዚህ የተነሣ ጥፋት የሌለበት መስሎት የሚኖር ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ በዳይ መሆኑን ዐውቆ የሚኖር ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሕፈት ላነሣው ያሰብሁት መጽሐፍ ይህንኑ ነገር የሚያስተምር ነው። መጽሐፉ የሚያስፈራ ልብ ወለድ ስለ ሆነ፣ በግብረ ገብ ድርሰቶች መካከል ስሙ ሲነሣ የሚደነቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማር በቀፎ ብቻ አይገኝም፤ በዋሻና በዛፍ ግንድም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ መጽሐፉን ከእርሱ ከተሠሩት ሦስት ፊልሞች ጋር አመዛዝኜ፣ መጽሐፉ የተናገረውን እውነት ፊልሞቹ እንዴት እንደ ሸሹት፣ እኔም ራሴ እንዴት እንደ ሸሸሁት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መጽሐፉን የደረሰው ሪቻርድ ማቲሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1926 ተወልዶ በ2013 ዐርፏል፤ መጽሐፉ የታተመውም በ1954 ነው። (በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ርእሱ በእንግሊዝኛ «አይ አም ሌጀንድ» ይባላል። «ሌጀንድ» የሚለውን ቃል «አፈ ታሪክ» ብሎ መተርጐም ይቻላል፤ እኔ ግን «እኔ ተረት ነኝ» ብዬዋለሁ። ምክንያቱም በኋላ እንደሚታየው፣ ደራሲው ያሰበው በሐውልት ላይ የሚቀረጸውን የጀግና ታሪክ ሳይሆን ሰዎች በፍርሃት የሚያወሩትን ዐይነት ተረት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ሮበርት ኔቪል የሚባል ሰው አለ። አንድ ተላላፊ በሽታ የሰውን ልጅ አጥፍቶ፣ የቀሩትንም ፈረንጆች «ቫምፓየር» ወደሚሉት፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ደም ፍለጋ ወደሚነሣ ፍጡር ለውጧቸዋል። በሽታው ያልያዘው ኔቪል ብቻ ነው። ሴት ልጁ ሞታ ሬሳዋ ከብዙ ሬሳ ጋር ተቃጥሏል፤ ሚስቱንም ከቀበራት በኋላ ከመቃብር ተነሥታ መጥታበታለች። ሌሊት በሆነ ቍጥር በቤቱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ የቀድሞ ጎረቤቱ ቤን ኮርትማንም ስሙን እየጠራ እንዲወጣ ይጮኽበታል። እርሱም በየመስኮቱ ሳንቃ መትቶ፣ ነጭ ሽንኩርት አንጠልጥሎ፣ መጠጥ እየጠጣና ሙዚቃ እያዳመጠ ያነጋል። ሲነጋ ግን ተራው የእርሱ ነው። ችካል ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ በተኙበት ይወጋቸዋል።

ኔቪል ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም። ከቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት አምጥቶ፣ ደም በማይክሮስኮፕ እየመረመረ፣ የበሽታውን ተሐዋሲ በገዛ ጥረቱ ያገኘ ትጉህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የውሻው ነገር ነው። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ በቀን ብርሃን አይቶ፣ ምግብና ውሃ እያቀረበ፣ በትዕግሥት እያባበለ ለማላመድ ብዙ ቀን ይደክማል፤ ውሻው በመጨረሻ እጁ ከገባ በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ኔቪልን ሳይወደው አይቀርም። ደራሲውም የፈለገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ በመጨረሻ የሚመጣው ፍርድ በኔቪል ላይ ብቻ ሳይሆን እርሱን በወደድነው በእኛም ላይ ነውና።

ከዕለታት አንድ ቀን ሩት የምትባል ሴት በጠራራ ፀሐይ ያገኛል። ሩት ግን ሰላይ ናት። በበሽታው ከተያዙት መካከል አንዳንዶቹ ሕመሙን የሚያስታግሥ ኪኒን አግኝተው፣ አእምሯቸውን ሳይስቱ፣ አዲስ ማኅበር ማቋቋም ጀምረዋል። ኔቪል ቀን እየዞረ ሲገድል የነበረው ሞተው የተነሡትን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ሕያዋን ጭምር ኖሯል፤ ከነርሱም አንዱ የሩት ባል ነው። በመጨረሻ አዲሶቹ ሰዎች መጥተው ይይዙታል። ከመሞቱ በፊት በእስር ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ተሰብስቦ የቆመው ሕዝብ እርሱን አይቶ ይደነግጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገባዋል። እነርሱ ተኝተው ሳሉ መጥቶ የሚወዷቸውን ገድሎ የሚሄድ፣ ፊቱ የማይታይ አስፈሪ ፍጡር ለካ እርሱ ኖሯል። የጥንት ሰዎች ስለ ደም መጣጭ ይናገሩት የነበረውን ተረት፣ አዲሶቹ ሰዎች ስለ እርሱ ይናገሩታል። የመጽሐፉ ርእስ ትርጓሜ ይህ ነው።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን የድኻውን ሰው በግ ታሪክ የማያውቅ የለም። ንጉሡ በባለጸጋው ላይ ተቈጥቶ የሞት ፍርድ ከፈረደ በኋላ ነው ነቢዩ ጣቱን ወደ ንጉሡ ወደ ራሱ ያቀናው። ያ ጣት ባይቀና ኖሮ የበጉ ታሪክ የሚያሳዝን ወሬ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። የማቲሰንም መጽሐፍ አሠራሩ እንዲሁ ነው፤ ብዙ ገጽ ሙሉ ከኔቪል ጋር አብረን እንድንፈርድ ካደረገን በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን ያቀናል።

ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተዋቸው ከሄዱት መጻሕፍት መካከል፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ አገኘሁት። ያን ጊዜ መጨረሻው አናደደኝ። ያን ያህል የደከመ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይሙት? ብዬ ደራሲውን ወቀስሁት። እንግዲህ ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች እኔ በልጅነቴ የተሰማኝን የተሰማቸው ይመስለኛል።

መጽሐፉን ወደ ፊልም ለመለወጥ መጀመሪያ ያሰበው ሃመር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር፤ በ1957 ማቲሰንን ራሱን ጽሑፉን አጽፎት ሳለ፣ የአገሩ ሳንሱር አልፈቅድም ስላለ ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1964 «የምድር የመጨረሻው ሰው» በሚል ስም፣ ቪንሰንት ፕራይስ ዋና ተዋናይ ሆኖ በሮማ ከተማ ተሠራ። ፊልሙ ጥቍርና ነጭ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አልወጣበትም። ቢሆንም ከሦስቱ ፊልሞች ለመጽሐፉ በጣም የቀረበው ይህ ነው። የሰውዬው ስም ሞርጋን ተብሏል እንጂ፣ ሌሊት የሚጮኸው ጎረቤት፣ ችካሉ፣ በመድኃኒት የሚኖሩት አዲሶቹ ሰዎች፣ የሩት ሰላይነት፣ ሁሉም አለ። ሕያዋንን ሲገድል እንደ ነበረም ይነገረዋል።

ዳሩ ግን ፊልሙ ከደጃፉ ደርሶ ሳይገባ ይመለሳል። ሞርጋን በገዛ ደሙ ሩትን ይፈውሳታል። ከዚያም አዲሶቹ ሰዎች እያሳደዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስገቡትና በመሠዊያው ፊት በጦር ይወጉታል። እርሱም ሲሞት እየተሳደበ፣ እውነተኛው ሰው እኔ ብቻ ነኝ እያለ ይሞታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሟቹ ራሱን ያያል፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ሟቹ ሳያይ ይሞታል፤ ስፍራው መሠዊያ ስለ ሆነም ሰማዕት ይመስላል። ማቲሰን ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ ቢሆንም በውጤቱ ስላልተደሰተ፣ በገዛ ስሙ ፈንታ ሎጋን ስዋንሰን የሚል የብዕር ስም አስገብቷል።

ሁለተኛው ፊልም በ1971 የወጣው «ኦሜጋ ማን» ነው። ኔቪልን ሆኖ የሠራው፣ በ1956 በወጣው «ዐሥሩ ትእዛዛት» በተባለው ፊልም ሙሴን ሆኖ የሠራው ቻርልተን ሄስተን ነው። በዚህ ፊልም በሽታው የመጣው ሩስያና ቻይና ተዋግተው በተሐዋሲ መሣሪያ ስለ ተጠቀሙ ነው። ጠላቶቹም ቫምፓየር መሆናቸው ቀርቶ፣ ቆዳቸው የነጣ፣ ብርሃን የማይችሉ፣ ጥቍር ካባ የለበሱ፣ መኪናንና መሣሪያን ሁሉ የክፋት ሥር ነው ብለው የሚጠሉ «ቤተ ሰብ» የተባሉ ማኅበርተኞች ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች ይናገራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ኔቪልንም ለፍርድ ያቀርቡታል። ስለዚህ ፊልሙ የሁለቱንም ወገን ነገር ለመስማት ከሌሎቹ ይልቅ የተመቸ ነበር።

በውስጡም አንድ መልካም ነገር አለ። ኔቪል ከበሽታው ያዳነው ሪቺ የሚባል ወጣት፣ ይህ መድኃኒት ለነዚያም ይሰጣቸው ብሎ ይለምናል፤ ኔቪል እምቢ ይላል። ልጁም ብቻውን ወደ እነርሱ ሄዶ ሊያስታርቅ ሲሞክር ይገድሉታል። አንባቢ ሆይ፤ ፊልሙ ጥያቄውን ያነሣል፤ ነገር ግን ጠያቂውን ገድሎ ጥያቄውን ከእርሱ ጋር ይቀብረዋል። ነገሩ ኔቪል ልክ እንደ ነበረ ያስመስላል። መጨረሻ ላይም ኔቪል በጦር ተወግቶ፣ በውሃ ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ እጆቹን እንደ ተሰቀለ ሰው ዘርግቶ ይሞታል፤ ደሙም ለቀሩት ልጆች መድኃኒት ይሆናል። የፊልሙ አሳብ ማንንም አይስተውም። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን እንደ በዳይ ያየው ሰው፣ በፊልሙ ውስጥ መድኃኔ ዓለም እንዲመስል ተደርጓል። በእኔ በኩል ይህ ከድፍረት ሁሉ የባሰ ድፍረት ነው።

ሦስተኛው ፊልም በ2007 የወጣው፣ የመጽሐፉን ስም እንዳለ የያዘው፣ ዊል ስሚዝ የሠራበትና ፍራንሲስ ሎውረንስ ያዘጋጀው ነው። ስፍራው ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሯል፤ በሽታውም ነቀርሳን ለማዳን ከተለወጠ የኩፍኝ ቫይረስ የመጣ ነው። የብቸኝነትን ነገር በማሳየት ረገድ ይህን የሚያህል የለም። ሣር የበቀለበት አውራ ጎዳና፣ በከተማው መካከል የሚሮጡ አጋዘኖች፣ ሰውዬው ከሱቅ አሻንጉሊቶች ጋር የሚያደርገው ጨዋታ፣ ይልቁንም በበሽታው የተያዘችውን ውሻውን ዐቅፎ በገዛ እጁ የሚገድልበት ስፍራ ከዐይን አይጠፋም።

ከዚህም ሌላ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ትንሽ ትምሰል እንጂ የፊልሙ ቍልፍ እርሷ ናት። ኔቪል መድኃኒት ለመሞከር አንዲት በሽተኛ ሴት በወጥመድ ይይዛል። ያን ጊዜ ከበሽተኞቹ አንዱ ወንድ፣ ፀሐይ እያቃጠለው፣ ከጨለማው ወደ ብርሃን ብቅ ብሎ ይጮኻል። ኔቪል ይህን በሐኪም መዝገቡ ላይ ሲያስመዘግብ፣ በነዚህ ፍጡራን ዘንድ የሰውነት ጠባይ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ራሳቸውን እንኳ ከፀሐይ መጠበቅ ትተዋል ይላል። ተመልካች ግን ቈም ብሎ ቢያስብ፣ ሰውዬው ከፀሐይ የወጣው የሚወዳት ተወስዳበት ነው። ለወዳጅ ብሎ ራስን በእሳት ላይ ከመጣል የበለጠ የሰውነት ጠባይ ምን አለ? ኔቪል አየ፤ የተሳሳተ ምክንያት ሰጠው፤ በመዝገብም ጻፈው።

በሲኒማ ቤቶች የታየው ፊልም ይህን ነገር አስጀምሮ ሳይፈታው ይቀራል። መጨረሻው ኔቪል መድኃኒቱን ለአንዲት ሴት ሰጥቶ፣ ጠላቶቹንና ራሱን በቦምብ አጥፍቶ፣ የሰው ልጅ አዳኝ ተብሎ መታሰቡ ነው። «ሌጀንድ» የተባለው ቃልም ትርጉሙ ተገልብጦ የጀግና ታሪክ ሆነ። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የተሠራው መጨረሻ ይህ አልነበረም። በመጀመሪያው አሠራር ያ ወንድ በሽተኛ ከመስተዋቱ ማዶ ቆሞ የቢራቢሮ ሥዕል በጣቱ ይሥላል፤ የሴቲቱ ሰውነት ላይም የቢራቢሮ ንቅሳት አለ። ያን ጊዜ ኔቪል ሊገድሉት ሳይሆን ሊወስዷት እንደ መጡ ይገባዋል። በሩን ከፍቶ ይመልስላቸዋል፤ ቀና ብሎም በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን፣ በመድኃኒት ሙከራ የሞቱበትን በሽተኞች ፎቶግራፎች አይቶ፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ መጨረሻ ለሙከራ ለተጠሩ ተመልካቾች ሲታይ ስላልወደዱት ተለወጠ፤ በኋላ ግን በ2008 በዲቪዲ ወጣ። ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ የሆነው አኪቫ ጎልድስማን በ2023 እንደ ተናገረው፣ ለወደፊት የታሰበው ተከታይ ፊልም የሚነሣው ከዚሁ ከተተወው መጨረሻ ነው።

ይህን የተተወውን መጨረሻ ያሳየችኝ ታናሽ ልጄ ናት። «አባባ፣ ይህ ፊልም እኮ ሌላ መጨረሻ አለው» ብላ በኮምፒዩተሯ ከፈተችልኝ። ሰውዬው የፎቶግራፎቹን ግድግዳ ቀና ብሎ ሲያይ፣ እኔም ሳላስበው የራሴን ቤት ግድግዳ ቀና ብዬ አየሁ። በእኔም ግድግዳ ላይ ፎቶግራፎች አሉ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርኋቸው ክፍሎች ከእኔ ጋር የተነሡት ነው። እንግዳ በመጣ ቍጥር በኵራት የማሳየው ይህንን ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጠና ያለ ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ አላወቁኝም?» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ስሙን ሲነግረኝ ወዲያው አስታወስሁት። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ጧት ጧት የሚያረፍድ ተማሪ ነበረ። ባረፈደ ቍጥር በአርጩሜ እገርፈው ነበር፤ በጠጠር ላይ አንበርክኬውም ዐውቃለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ካርዱ ላይ፣ በጠባይ ስፍራ «ግዴለሽ» ብዬ ጻፍሁ። ሰውዬው ወንድ ልጁን ይዞ ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ እኔን ትኵር ብሎ ካየ በኋላ በአባቱ ጋቢ ተሸሽጎ «አባዬ፣ ነብሩ ማለት እኚህ ናቸው?» አለ።

አባትየው ደነገጠ፤ ከዚያም ሣቀ። ተማሪዎቹ ሁሉ በስውር «ነብሩ» ይሉኝ እንደ ነበር፣ እርሱም ልጁ ሲያስቸግር «ነብሩ ይመጣል» እያለ እንደሚያስፈራራው ነገረኝ። እኔም ለመሣቅ ሞከርሁ። በኋላም ነገሬን ለማጽናት «ታዲያ አንተም ጧት መነሣት አትወድም ነበር» አልሁት። «አይ ጋሼ፣ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ለታናናሾቼ ውሃ ቀድቼ፣ ቁርሳቸውን ሰጥቼ ነበር የምመጣው» አለኝ። ይህንም ያለኝ ያለ ቂም ነው። ቂም ቢይዝብኝ ይሻለኝ ነበር።

በልጅነቴ ያናደደኝ የመጽሐፉ መጨረሻ በዚያ ድንኳን ውስጥ ገባኝ። ያ ሕፃን ያየኝ፣ ሕዝቡ ኔቪልን ባየበት ዐይን ነው። እኔም ልጁ ስለ ታናናሾቹ የሚከፍለውን መሥዋዕት አይቼ፣ የተሳሳተ ምክንያት ሰጥቼ፣ በመዝገብ ጽፌዋለሁ። «ለምን አረፈድህ?» ብዬ አልጠየቅሁም አልልም፤ ጠይቄያለሁ፤ ነገር ግን አርጩሜውን አንሥቼ ነበር የጠየቅሁት። በአርጩሜ ፊት እውነት የሚናገር ልጅ የለም።

አንዳንድ ሰው ኔቪል ምን ያድርግ፣ ራሱን መከላከል አልነበረበትምን? ይል ይሆናል። ይህ ፍትሓዊ ጥያቄ ነው። ማቲሰንም ኔቪልን ሰይጣን፣ አዲሶቹን ሰዎች መላእክት አላደረጋቸውም፤ እንዲያውም እነርሱ ሲገድሉ የሚያሳዩት ጭካኔ ኔቪልን ራሱን ያሳዝነዋል። ሌሊት በሩን ለሚደበድብበት በሩን ይክፈት የሚል የለም። ነገር ግን ኔቪል ሕያዋንና ሙታን በሽተኞች የተለያዩ መሆናቸውን በምርምሩ ደርሶበት ሳለ፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ መግደሉን አልተወም። ጥፋቱ አለማወቁ አይደለም፤ ካወቀም በኋላ አለመጠየቁ ነው። የመምህርም፣ የአባትም፣ የዳኛም ጥፋት ከዚህ አይርቅም። ሥርዓት ያለ ቅጣት አይቆም ይሆናል፤ ጥያቄ ያልቀደመው ቅጣት ግን ችካል ነው።

ሦስቱን ፊልሞች በአንድነት ስናያቸው፣ እያንዳንዳቸው የበጉን ታሪክ አሳምረው ነግረው፣ ነቢዩ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት መብራቱን ያጠፋሉ። የመጀመሪያው ሟቹን ሰማዕት፣ ሁለተኛው መድኅን፣ ሦስተኛው ጀግና አደረገው። የፊልም ነጋዴዎችን ብቻ ግን አንውቀስ። የ2007ቱን እውነተኛ መጨረሻ ያስለወጡት ተመልካቾች ናቸው። ትኬት ገዝቶ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው መወቀስ አይፈልግም፤ ከወደደው ሰው ጋር ሆኖ መፍረድና ከእርሱ ጋር መመስገን ይፈልጋል። እኔም ግድግዳዬን በፎቶግራፍ የሞላሁት ለዚሁ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ልጆች ካሉህ፣ ሠራተኞች ካሉህ፣ የምታዝዛቸው ሰዎች ካሉህ፣ አንተ በሌለህበት ስምህ እንዴት እንደሚጠራ ጠይቅ። በሕይወት ሳለህ ጠይቅ፤ ኔቪል ያወቀው በመጨረሻው ሰዓት ነበረና። እኔ ፎቶግራፎቹን ከግድግዳው አላወረድኋቸውም። አሁን ግን እንግዳ ሲመጣ በኵራት አላሳይም፤ ከኋላ ተራ የቆመውን ያን ልጅ አሳይቼ፣ ጧት ጧት ውሃ ቀድቶ ይመጣ እንደ ነበረ እናገራለሁ።